ዳታቤዙን ከማን ጋር አስቀመጥነው?

ነሐሴ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ያሉት 14 የቶዮታ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች በሙሉ ቆሙ። 28 የማምረቻ መስመሮች ሥራ ፈቱ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው የሳይበር ጥቃት ነበር፤ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት አንድ ዕቃ አቅራቢ በዚህ ዓይነት ጥቃት ተመትቶ እነዚሁ ፋብሪካዎች ለአንድ ቀን ተዘግተው ነበርና። ኩባንያው ጳጉሜን 1 ቀን ያወጣው ማብራሪያ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ነሐሴ 21 ቀን የተለመደ ጥገና ሲካሄድ፣ በዳታቤዙ ውስጥ የተጠራቀመ መረጃ እየተሰረዘና እየተስተካከለ ሳለ የዲስክ ቦታ አነሰ፤ የመለዋወጫ ማዘዣው ሲስተም ቆመ። ተጠባባቂው ሰርቨር በዚያው ሲስተም ላይ ይሠራ ስለነበር እሱንም ያው ችግር ያዘው፤ ወደ እሱ መዞር አልተቻለም። ፋብሪካዎቹ ሥራ የጀመሩት መረጃው ሰፊ ቦታ ወዳለው ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ በማግስቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። ሥራው የተሰናከለው መረጃ ሲሰረዝ እንጂ ሲጨመር አይደለም። በዳታቤዝ ዓለም መሰረዝም መጻፍ ነው፤ ምን እንደተሰረዘ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ቦታ ለማስለቀቅ ራሱ ቦታ ያስፈልጋል። ደግሞም ለክፉ ቀን የተቀመጠው ተጠባባቂ ከዋናው ጋር አብሮ ወደቀ። ቶዮታን የሚያህል ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሰርቨር ገዝተን ሁሉን ነገር እሱ ላይ በምንጭንባቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ ዳታቤዝ ለተጠቃሚው ቃል ይገባል፤ ቃሉን የሚያቆየው ግን ዲስኩ ነው። ዲስኩን ለሌሎች ፕሮግራሞች ካጋራነው፣ ያ ቃል ስለ መኖሩ እንኳ የማያውቁ ፕሮግራሞች እጅ ላይ ይወድቃል።

ቃሉ ምን እንደሆነ ላስረዳ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ገንዘብ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላ አዛውራ ስክሪኗ ላይ «ተፈጽሟል» የሚል መልእክት ስታይ፣ ዳታቤዙ ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ጨርሷል። ለውጡን ሎግ በሚባለው ፋይል ላይ ጽፎ፣ ዲስኩ «ተቀብያለሁ፣ ቢጠፋብህ ከእኔ አለ» እስኪለው ድረስ ጠብቋል። ዋናው የመረጃ ፋይል ላይ ለውጡ የሚሰፍረው ቆየት ብሎ ነው። በዚህ መሀል መብራት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ሎጉን አንብቦ ያልሰፈረውን ያሰፍራል፤ ተጀምሮ ያላለቀውን ይሽራል። ኦራክል፣ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ፖስትግሬስ፣ የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት አገር የምንኖር ሰዎች ለዚህ ሎግ ከሌላው ሁሉ በላይ ልንሳሳለት ይገባል። መብራት በጠፋበት ቅጽበት በመረጃችንና በመጥፋት መካከል የሚቆመው እሱ ነውና።

አሁን ሎጉ ከማን ጋር እንደሚኖር እንይ። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አሁንም በብዙ መሥሪያ ቤቶች አለ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚያን ግማሽ፣ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ማንበቢያው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድም 8 ወይም 9 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል። ደምሩት፤ ዲስኩ እዚህና እዚያ እየዘለለ በሰከንድ ማስተናገድ የሚችለው ወደ 80 ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ በተርታ ከጻፈ ግን ያው ዲስክ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይጽፋል። ሎግ ደግሞ በባሕርዩ በተርታ የሚጻፍ ነው። ብቻውን ሲሆን ማንበቢያው ከቦታው ሳይነቃነቅ ይሠራል። በዚያው ዲስክ ላይ አንዱ የስካን ሰነድ ሲያስቀምጥ፣ ሌላው ኢሜይል ሲያወርድ፣ ዊንዶውስ ማሻሻያውን ሲጭን፣ ማንበቢያው በየጥያቄው ሲመላለስ ይውላል። ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ የቆመው ደንበኛ «ሲስተሙ ተጨናንቋል» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ዲስክ መጋራት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፋየርፎክስ 3 የተባለው የድር አሳሽ ወጣ። የተጠቃሚውን ዕልባትና የጎበኛቸውን ገጾች ታሪክ የሚይዘው ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። ጥሩ ምርጫ ነው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ግን ገጽ በከፈቱ ቁጥር አሳሹ አንዳንዴ ለብዙ ሰከንዶች ቀጥ ብሎ ይቀርባቸው ጀመር። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ ኤስኪውላይት ቃሉን ለመጠበቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን «ይህቺን ትንሽ ጽሑፍ አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አድርስልኝ» ይለዋል። በዚያን ጊዜ በሊኑክስ ላይ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ኢኤክስቲ3 የተባለው የፋይል ሥርዓት ደግሞ ጥቂት ኪሎባይት ለማድረስ ሲጠየቅ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የጻፉትንና ገና ዲስክ ላይ ያልደረሰውን ሁሉ አብሮ ለማውረድ ይገደድ ነበር። ተጠቃሚው ከጎን ትልቅ ፊልም እየቀዳ ከሆነ፣ የዕልባቱ ጽሑፍ የፊልሙን መውረድ ይጠብቃል። ሁለቱ ፕሮግራሞች አይተዋወቁም፤ ያገናኛቸው የተጋሩት ዲስክ ብቻ ነው። በኋላ ፋየርፎክስም ሊኑክስም ተሻሻሉ። ሆኖም አንድ ፕሮግራም በዲስክ ላይ የሚያደርገው ነገር ጎኑ ያለውን ዳታቤዝ እስትንፋስ ሊያሳጥር እንደሚችል ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

ፍጥነቱን እዚህ ላይ ልተወው። ዘገምተኛ ዳታቤዝ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው የዲስክ መሙላት ነው።

ዲስክ የሚሞላው በዳታቤዙ ሳይሆን በጎረቤቶቹ ሲሆን በጣም ያሳዝናል፤ ይህም በብዛት ያጋጥማል። ኤስኪውኤል ሰርቨርን ስንጭን «ቀጥል፣ ቀጥል» እያልን ካለፍን ፋይሎቹ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ከዊንዶውስ ጋር ይቀመጣሉ። በኡቡንቱ ላይ ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም የሚቀመጡት ቫር በተባለው ማውጫ ሥር ነው፤ የሁሉም ፕሮግራሞች የውሎ ሎግ የሚጠራቀመውም እዚያው ሥር ነው። የዊንዶውስ የድር አገልጋይ የሆነው አይአይኤስ የውሎ ሎጎቹን በራሱ አይሰርዝም፤ ዓመት ቢሠራ የዓመቱ ሁሉ ተከምሮ ይጠብቃል። ዶከር የሚባለው መሣሪያም በነባሪ አሠራሩ ለሎግ ፋይሎቹ ወሰን የለውም። የጤና ሚኒስቴራችን የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ2ን ውሰዱ፤ መረጃውን ፖስትግሬስ ላይ ያስቀምጣል፤ የሚሠራው ደግሞ ቶምካት በተባለ ፕሮግራም ላይ ነው። የቶምካት የውሎ ሎግ ወሰን ካልተበጀለት ማደጉን አያቆምም። ሁለቱን አንድ ድራይቭ ላይ ያስቀመጠ ሰው የክትባት፣ የወሊድና የወባ ቁጥሮችን የያዘውን ዳታቤዝ ማንም በማያነበው የጽሑፍ ፋይል ሊያሳፍን ይችላል።

ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዞቹ የሚያሳዩት ጠባይ ይለያያል፤ ይህንንም ማወቅ ይጠቅማል። ፖስትግሬስ ሎጉን የሚጽፍበት ቦታ ካለቀ ራሱን ሊዘጋ ይችላል፤ ይህ አሠራሩ ለመረጃው ጥንቃቄ ስለሚያደርግ ነው፤ አልነቅፈውም። ማይኤስኪውኤል በየደቂቃው ቦታ ተገኝቶ እንደሆነ እያየ ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው ግን መጠበቁን አያውቅም፤ ኮምፒዩተሩ የደነዘዘ ይመስለዋል። ኦራክል የቆዩ ሎጎቹን የሚያኖርበት ቦታ ሲያልቅ፣ ቦታ እስኪለቀቅለት ድረስ ሥራውን ይዞ ይቆማል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ 9002 የሚለውን ቁጥር አሳይቶ መጻፍ ይከለክላል፤ ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ሁሉ ያን ቀን አይረሳውም።

ከመሙላት የባሰም አለ፤ መሙላቱ በጊዜው ሳይታወቅ ሲቀር። ዛሬ ብዙ ማከማቻዎች ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ያልያዙትን ቦታ ይሰጣሉ፤ አሥር ማሽኖች እያንዳንዳቸው 1 ቴራባይት እንዳላቸው ይነገራቸዋል፤ ከኋላ ያለው ግን 5 ቴራባይት ነው። ሁሉም ድርሻቸውን እስካልተጠቀሙ ድረስ ያዋጣል። አንዱ ማሽን በድንገት ሲያብጥ ግን ዳታቤዙ ያለበት ማሽን የራሱ ዲስክ ግማሽ ባዶ መሆኑን እያየ መጻፍ ያቅተዋል። መጻፍ ማቃቱ ራሱም ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስ አዘጋጆች በሊኑክስ ላይ አንድ አስደንጋጭ ነገር ደረሱበት፦ ዲስክ ላይ ማድረስ ሳይሳካ ሲቀር ሊኑክስ ስህተቱን አንድ ጊዜ ይናገርና ያልደረሰውን ጽሑፍ እንደ ደረሰ ይቆጥረዋል። ፖስትግሬስ እንደገና ሲጠይቅ «ተሳክቷል» ይባላል። ለረጅም ዓመታት እንደዚያ ሲሠራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በወጡት እትሞች ተስተካከለ፤ አሁን እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመው ወዲያው ወድቆ ከሎጉ ይነሣል። የቆየ እትም የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ይህን ብቻ ሰምታችሁ ብትሄዱ እንኳ መምጣታችሁ ከንቱ አይሆንም።

ሌሎች አስቸጋሪ ጎረቤቶችም አሉ። አንቲቫይረስ የዳታቤዝ ፋይል ሲከፈት አንድ በአንድ ልፈትሽ ካለ ዳታቤዙን ያንቃል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ የዳታቤዝ፣ የሎግና የባክአፕ ፋይሎች ከፍተሻ እንዲወጡ ይመክራል። ጎግል ድራይቭና ዋንድራይቭ በሚያመሳስሉት ፎልደር ውስጥ የሚሠራ ዳታቤዝ ማስቀመጥ ደግሞ ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ግማሹን ይዘው ይሄዳሉ።

ወደ ሂሳብ ሠራተኞቻችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። በአገራችን ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የማያውቅ ሂሳብ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። የፒችትሪ የኩባንያ ፎልደር በሌላ ስሙ ዳታቤዝ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፋይሎች የደንበኞች ሒሳብ፣ የዕቃ ክምችት፣ የደመወዝ መዝገብ ናቸው። ከአንድ በላይ ሰው እንዲሠራበት ሲፈለግ ፎልደሩ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥና ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል፤ ለዚህም ሁሉም ሰው የመጻፍ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በኔትወርክ የተከፈተች ቦታ ተገኘች ተብሎ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የሠርግ ቪዲዮው፣ ከፍላሽ የተገለበጠው ፊልም ሁሉ እዚያው ድራይቭ ላይ ይራገፋል። ቦታ ሲጠብ አንዱ ተነሥቶ ምንነቱን ያላወቀውን ፋይል ይሰርዛል፤ ያ ፋይል የሦስት ዓመት የሂሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ፍላሽ የገባ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም መጀመሪያ የሚያገኘው ሁሉም የሚጽፍበትን ይህን ድራይቭ ነው። የኩባንያ ፎልደር ያለበት ኮምፒዩተር ሌላ ሥራ አይሠራበት፤ የተጋራው ፎልደር እሱ ብቻ ይሁን፤ ለፊልምና ለደብዳቤ ሌላ ቦታ አበጁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ውሳኔ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ባክአፕ ላይም እንደዚሁ። ባክአፕ በዚያው ድራይቭ ላይ «ባክአፕ» የሚል ፎልደር ተከፍቶ ሲቀመጥ ሁለት ጉዳት ያመጣል። ድራይቩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል፤ ሳይበላሽ ደግሞ ቦታ የሚጨርሰው እሱ ነው። በየሌሊቱ 20 ጊጋባይት የሚያስቀምጥ ባክአፕ አሮጌው ካልተሰረዘ በወር 600 ጊጋባይት ይበላል። መረጃውን ለማዳን የተፈጠረ ሥራ መረጃውን ያቆመዋል ማለት ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨር በኩል የሚሠራ ስህተት አለ፤ ዳታቤዙ ሙሉ የማገገሚያ ስልት ላይ ሆኖ የሎጉ ባክአፕ ካልተወሰደ፣ ሎጉ ውስጡ ለአዲስ ጽሑፍ አይለቀቅም፤ ያድጋል፣ ያድጋል፣ ድራይቩን ይሞላል። በዚያ ድራይቭ ላይ ሌላ ዳታቤዝ ካለ እሱም ያለ ጥፋቱ አብሮ ይቆማል።

ብዙ ባለሙያ «እኛ ለይተናል» ሲለኝ እሰማለሁ። ዲ ድራይቭ ለዳታ፣ ኢ ድራይቭ ለሎግ፣ ኤፍ ድራይቭ ለባክአፕ ብለው ያሳዩኛል። ሳጥኑ ሲከፈት ሦስቱም የአንድ ሃርድ ዲስክ ክፍልፋዮች ሆነው ይገኛሉ። ይህ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም፤ አንዱ ክፍል ሲሞላ ሌላው እንዳይሞላ ይከላከላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዲስኩ ሲሰበር ግን ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ይሞታሉ፤ ማንበቢያውም አንድ ስለሆነ ፍጥነት አልተገኘም። በትልልቅ ማከማቻዎችም እንዲሁ ነው፤ ስማቸው የተለያየ አሥር ድራይቮች ከኋላቸው አንድ የዲስክ ስብስብ ሊኖራቸው ይችላል። ማከማቻውን ለሚያስተዳድረው ሰው «ከእኔ ሥር ማን ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ የዳታቤዝ ባለሙያ ሥራ ነው። የቶዮታ ተጠባባቂ ሰርቨር የወደቀበትን ምክንያት አስታውሱ።

«ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፤ አሁን ኤስኤስዲ አለ፣ ክላውድ አለ» የሚል ሰው ይኖራል። በከፊል ልክ ነው። ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም፤ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ያስተናግዳል፤ ሎግን ከዳታ ለፍጥነት ሲባል መለየት እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ክላውድ ላይ ግን ፍጥነት ራሱ በኮታ ነው፤ የአማዞን ጂፒ3 የተባለው ድራይቭ በመነሻው በሰከንድ 3,000 ጥያቄና 125 ሜጋባይት ይፈቅዳል፤ የባክአፕ ቅጂ ያንን ኮታ ሲበላው ዳታቤዙ ወረፋ ይይዛል። መሙላት፣ በስህተት መሰረዝና አብሮ መሞት ደግሞ ኤስኤስዲ የሚያድናቸው ችግሮች አይደሉም። የኤስኤስዲ ሞት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው፤ እንደ ተሽከርካሪው ዲስክ እያንቋቋ አያስጠነቅቅም።

የመሥሪያ ቤቶቻችንን አቅም አውቃለሁ፤ አምስት ድራይቭ ያለው ሰርቨር ግዙ ብዬ አልሄድም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ያ አንድ ነገር ባክአፑን ከሰርቨሩ ውጭ የሚያኖር ዲስክ ይሁን፤ ከተቻለም ከሕንፃው ውጭ የሚያድር ሁለተኛ ቅጂ። ባክአፑም የዳታቤዙን የራሱን ትእዛዝ ተጠቅሞ ይወሰድ፤ በሥራ ላይ ያለን ፋይል ገልብጦ መውሰድ ሲከፍቱት የማይነሣ ቅጂ ሊሰጥ ይችላል። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ለዳታቤዙ ለብቻው ክፍል ቁረጡለት፤ የሌሎቹ ፕሮግራሞች ሎግ ወሰን ይኑረው፤ ቦታው 80 በመቶ ሲደርስ መልእክት የሚልክ አነስተኛ ፕሮግራም ይተከል። ጥቂት ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፋይል ድራይቩ ላይ ማስቀመጥም ያረጀ ግን የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ክፉው ቀን ሲመጣ እሱን ሰርዞ ዳታቤዙን ለማንሣት ጊዜ ይገዛል። የሊኑክስ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ኢኤክስቲ4 በነባሪ 5 በመቶውን ቦታ ለዋናው አስተዳዳሪ ያስቀራል፤ 1 ቴራባይት ላይ ወደ 50 ጊጋባይት ነው። ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም በተራ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠሩ ለእነሱ ዲስኩ የሚያልቀው እናንተ ከምታስቡት ቀድሞ ነው። ከባክአፑ ዲስክ ቀጥሎ አቅም ሲገኝ የዳታቤዙን ሎግ ወደ ሌላ ድራይቭ አውጡ። ዳታውን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መለየት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ባለሙያዎች፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የዳታቤዛችሁ ፋይል የት እንዳለ፣ ሎጉ የት እንዳለ፣ ባክአፑ የት እንዳለ ፈልጋችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የሚኖረውንም ፕሮግራም አብራችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ለኃላፊያችሁ ስጡ። ኃላፊዎች፣ ያ ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ አታሳድሩት፤ ሦስቱም አንድ ዲስክ ላይ ናቸው የሚል ከሆነ በሚቀጥለው የግዢ ዕቅድ ላይ ከመኪና ጎማና ከቢሮ ወንበር በፊት ሁለተኛውን ዲስክ አስገቡ።